ቀሪውን ነገ

ሁላችንም «እትዬ ነገ» ነበር የምንላት። ስም አጥታ አይደለም፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የላውንደሪው ባለቤት እንኳ ጣራ ጣራ እያየ ነበር የሚያስታውሰው። «ቀሪውን ነገ» ማለት ስለምታበዛ ቅጽል ስሙ ተለጠፈባት፤ እሷም ወደደችው።

ላውንደሪው ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነው። የሆስፒታሉ አንሶላ ሁሉ እዚያ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል። ሥራ ፈላጊ ይመጣል፣ እንፋሎቱን ይቀምሳል፣ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። አስቦ የተመለሰ ግን አላየንም ይሉ ነበር የድሮዎቹ ሠራተኞች። ባለቤቱ በሩ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። የመጀመሪያውን ቃል ፀሐይ በልታው «እንፈልጋለን» ብቻ ቀረ፤ መንገደኛው ምን ጠፍቶባቸው ይሆን እያለ ያልፋል።

በዚህ ላይ ሆስፒታሉ፣ አንሶላው በጊዜ ካልደረሰልን ሌላ ቦታ እንወስደዋለን ብሎ አስጠነቀቀ። አንሶላው ከሄደ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ባለቤቱስ ሌላ መተዳደሪያ አያጣም። እትዬ ነገ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ አዳራሽ ሌላ ቤት አታውቅም፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ስለዚህ ማስታወቂያውን ቀደደችና ሰው የማምጣቱን ነገር ራሷ ያዘችው።

እኔ የተያዝኩት እንዲህ ነው። ሥራ ፍለጋ ስዞር ውዬ በሩ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ብቅ አለች።

«ሥራ ፈልገሽ ነው?»

«እንዲያው ልይ ብዬ ነው። እርስዎ ነዎት ኃላፊዋ?»

«ኧረ አንቺ በይኝ! ብዙ ሰው አታድርጊኝ፤ ብዙ ብንሆንማ ምን አስጨነቀን» አለችና የአንሶላ ጫፍ አስያዘችኝ። «እጅሽ ባዶውን ከሚቆም ይቺን ያዥልኝ።»

ስለ ደሞዝ የለ፣ ስለ ሰዓት የለ! ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይራራቃል፣ ይወጥራል፣ ከዚያ ይጠጋጋና ጫፎቹን ያገናኛል። ተራርቀው ሲቆሙ የማሽኑ ጩኸት አያደማምጥም፤ ማውራት የሚቻለው ሲጠጋጉ ብቻ ነው። እትዬ ነገ ወሬዋን የምትነግረው በዚያች መጠጋጋት ነበር።

«አንድ ቀን አንዲት ሴት የሙሽራ ቀሚስ ይዛ መጣች።»

ተራራቅን። ወጠርን። ተጠጋን።

«ቀሚሱ አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው።»

ተራራቅን። እኔ ለመጠጋት ቸኮልኩ።

«ምነው ብላት፣ ብቻ እጠቢልኝ አለች። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ሰውዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ብፈታው እጅጌ!»

«የዚያው ቀሚስ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንሶላውን አታዝረክርኪው» አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ ስንል ክምሩ አለቀ። «የሁለቱም መውሰጃ ቀን አንድ ነበር። ቀኑ ደረሰ። በሩ ተንኳኳ…» አለችና የመጨረሻውን አንሶላ ከእጄ ተቀበለችኝ። «በይ፣ ቀሪውን ነገ።»

«እንዴ! ማን ነው ያንኳኳው?»

«ነገ ስትመጪ።»

ክንዴ ዝሏል፣ ፀጉሬ በእንፋሎት ረጥቧል፤ ሁለተኛ እዚህ ብመለስ ብዬ ምዬ ነበር። በማግስቱ ግን ማልጄ በሩ ላይ ተገተርኩ። እዚያም እንደኔው የተያዙ ሌሎች ሴቶች አገኘሁ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ማን ነው ያንኳኳው?

አልነገረችንም። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ባለቤቱ መጣ፣ አንዴ ሌላ ወሬ ትጀምራለች። እኛም እንዲሁ ሥራውን ለመድነው፤ እርስ በርስም ተላመድን። ሆስፒታሉ አንሶላውን ሳይወስድ ቀረ። ክምሩ ሲራገፍ እሷ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ስትል እኛ «ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» እንላለን፤ ሃምሳ ሆነን ግን አናውቅም። ከመተኮሻው የወጣ ትኩስ አንሶላ ጉንጫችን ላይ እያስነካን ስንሳሳቅ ዛሬም ይታየኛል። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ሙቀቱ ሳይቀር።

በኋላ ጉልበቷ ከዳት። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍሏ ተኛች፤ እኔም በእሷ ቦታ ተተካሁ። ምግቡንም መድኃኒቱንም እምቢ አለች። «ደክሞኛል፣ ተዉኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት፤ ወይ ፍንክች! አንሶላዋን ቀይሬ የታጠበውን ሳጥፍ አንዱን ጫፍ እጇ ላይ አኖርኩት። ልማድ ነውና ጣቶቿ ጨበጡት።

«አንድ ቀን አንዲት ሴት የሙሽራ ቀሚስ ይዛ መጣች» አልኳት።

ዞር አለች። «አንቺ ሌባ! የኔኑ ለኔ?»

«ያንቺ ሌላ፣ የኔ ሌላ። ይቺኛዋ ስትመጣ ዝናብ ነበር።» ሰውየው ጋዜጣውን ሊፈታ ሲል አቆምኩ። «ቀሪውን ነገ። ያውም ሾርባሽን ከጠጣሽ።»

እስኪያስላት ሳቀች። ሾርባውንም ጠጣች።

ክረምቱን በሙሉ እንዲያ አሳለፍነው። እኔ ወሬኛ አይደለሁም፤ ጭንቅ ግን ያስተምራል። ሰውየውን መንገድ አሳሳትኩት፣ አሳመምኩት፤ ለሴትዮዋ ነገረኛ እህት ፈጠርኩላት። እትዬ ነገም «ይቺ እህት ተብዬ አልጣመችኝም» እያለች መድኃኒቷን ትውጣለች።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «በይ ቀሪውን…» ስል እጄን ያዘችኝ።

«ዛሬ ጨርሺልኝ» አለች።

ገባኝ። «ትንሽ ይቆይ፣ እትዬ» አልኳት።

«ተይ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ጨርሺው።»

እጇን ሳልለቅ ጨረስኩት። ሁለቱ እኩል መጡ፤ እትዬ ነገ መርፌና ክር አምጥታ እጅጌውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ሰፋችው፤ ሴትዮዋ ለብሳው ወጣች።

«አብረው ሄዱ?»

«አብረው።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ደስ ይላል» አለች። «በሩንኮ ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ሁለቱም እንደወጡ ቀሩ። እኔም መጨረሻውን ሳላውቅ ስጠብቃቸው ኖርኩ።»

በዚያው ሳምንት አረፈች። ዕቃዋን ስናነሳ ከሳጥኗ ሥር ነጭ ቀሚስ አገኘን፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እጅጌው ለብቻው ታጥፏል። መርፌና ክር አምጥቼ ሰፋሁት።