አሥራ አንድ መኪና በአንድ ቀለም

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀይ ሥር የመሰለ ታክሲ አይታችሁ ከሆነ ቀለሙ የእኔ ሥራ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቀለም መቀመም ያወቅኩት አንድ ጋራዥ ውስጥ ወለል ስጠርግ፣ ቀቢዎቹ ሲያማስሉ በዓይኔ እየሰረቅኩ ነው። ዓመት ሳይሞላ አልገጥም ያላቸው ቀለም ሲኖር እኔን ይጠሩኝ ጀመር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆን ሌላም ብዙ የምለው አለኝ።

የታክሲ ማኅበራችንን ያቋቋምነው አሥራ አንድ ሾፌሮች ነን። ለሰው ኩባንያ መንዳት ሰልችቶን ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ተሰበሰብን። ስሙ በአንድ ቀን ተወሰነ፤ ቀለሙ ግን ሦስት እሑድ ፈጀ። አንዱ የባንዲራውን ሦስት ቀለም እናድርግ አለ፤ ሌላው ነጭ ይሁን፣ ስንሸጠው ገዢ አናጣም አለ። ገና ሳይጀምር መሸጥ የሚያስብ ሰው ምን ይባላል? እኔ ክሪስታል ሲቲ ሆቴሎች ደጃፍ ስንት ቀን ቆሜ የሚያልፈውን ታክሲ ሁሉ አይቼ ነበር። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቢጫና ሰማያዊ አለ። ቀይ ሥር የመሰለ ግን አንድም የለም። ሁለት ጊዜ ያያት ሰው በሦስተኛው ከሩቅ ያውቃታል አልኩ። ሊቀመንበራችን አገር ቤት ኢኮኖሚክስ ያስተምር የነበረ፣ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚያንስ ሰው ነው፤ እሱም እጁን ለእኔ አወጣ። መጀመሪያ የራሴን መኪና ቀባሁ። የሌሎቹ መኪኖች፣ ካርዱና ኮፍያው ሁሉ ከእሷ ተቀዳ። መኪናው የተጫረበት ሁሉ ሲያስቀባ ከእኔ መኪና ጋር እንዲያስተያይ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር መንገዱ ቀዘቀዘብን። በእግራችን ያቆመን አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ሐኪም ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ የምናመላልሰው እኛ ነን። ካርዳችን በየማቀዝቀዣቸው ላይ ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጇም ይህን ቀለም ስታዩ ግቡ ብላ ነግራቸዋለች።

አንድ ቀን ይህችው ሴት ሊቀመንበሩን ኮል አደረገችው። ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት የእኛ ታክሲ ፊታቸው ቆማ እያለች አልገባም ብለው በብርድ ቆመው የሐኪም ቀጠሮ አምልጧቸዋል። ሾፌሩ ቢለምናቸው ካርዱን ከቦርሳቸው አውጥተው ከበሩ ጋር አስተያዩና ይቺ የእነሱ አይደለችም አሉት። ሥራ አስኪያጇ ከዚያ ወዲህ አስተውላ ብታይ መኪኖቻችን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የእኔ ሰዎች በሩ ላይ የተጻፈውን አያነቡም፣ የሚያውቁት ቀለሙን ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሁሉንም አሰልፋችሁ አሳዩኝ፣ አለዚያ ኮንትራቱን ለሌላ እሰጣለሁ ብላ ዘጋች። ያ ኮንትራት ከሄደ ማኅበሩም አበቃለት።

በነጋታው መኪኖቹን ፓርኪንግ ላይ ጎን ለጎን አቆምናቸው። አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ቲማቲም፣ አንዷ የደረቀ ጽጌረዳ ትመስላለች። ከላንግሊ ፓርክ የሚመጣ አንድ ቀልደኛ ሾፌር አለ፤ ዙሪያውን ቃኘና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ የታክሲ ማኅበር ነው ወይስ አትክልት ተራ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ተቆጣሁ። እያንዳንዳችሁ ርካሽ ጋራዥ ፍለጋ እየዞራችሁ ቀለሜን አበላሻችሁት አልኳቸው። እነሱ ደግሞ እንደ ትእዛዝዎ ከእርስዎ መኪና ነው ያስቀዳነው ብለው ተከራከሩ። አላመንኳቸውም።

ከዚያ ወደ ቤቴ ስመለስ ቤንዚን ልቀዳ ቆምኩ። የመሙያውን ክዳን ስከፍተው እጄ እዚያው ቀረ። የክዳኑ ጀርባ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ጭረትም አልነካውም። በመጀመሪያው ቀን የቀባሁት ቀይ ሥር ቁጭ ብሏል። ከክዳኑ ዙሪያ ያለው የመኪናዬ ገላ ግን ቲማቲም ነው።

ወዲያው ገባኝ። ፀሐይ ከቀለም ሁሉ ቀድማ የምትበላው ቀይን ነው። እኔም መኪናዬ በተጫረች ቁጥር በዓይኔ እየቀመምኩ፣ የደበዘዘውን እያየሁ፣ በደበዘዘው ልክ ስነካካት ኖሬያለሁ። በየዓመቱ ቀለሟ ትንሽ ትንሽ ሲሸሽ በየቀኑ የሚያያት ሰው አያውቅባትም። አንዱ ዘንድሮ ከእሷ ቀዳ፣ ሌላው ካቻምና ቀድቶ ነበር። አሥራ አንዱም ቀይ የወጣው ከእኔ እጅ ነው።

ክዳኑን ዘግቼ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ሊቀመንበሩ ዘንድ ደወልኩ።

«ጥፋቱ የጋራዦቹ አይደለም» አልኩት። «የእኔ መኪና ነው።»

«ጋሼ፣ ለልጆቹ እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል?»

እኔው እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገርኳቸውም። ስንት የተማረ ሰው አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ከአፉ ማውጣት የማይችል። ቀልደኛውም በዚያን ቀን አልቀለደም፤ የማንን መኪና እንደምናስቀድም ብቻ ጠየቀኝ። የእኔን አልኩት።

ክዳኑን ከመኪናዬ ፈታሁትና ዳኛው የክዳኑ ጀርባ ነው ብዬ ደነገግኩ። ከእንግዲህ ከማንም መኪና አይቀዳም፣ ከእኔም ቢሆን። የድሮ ጋራዤ ባለቤት መቀቢያ ክፍሉን ፈቀደልኝ። ዕድሜ ልኬን በዓይኔ የምምል ሰው ሚዛን አስመጣሁ፤ ከየቀለሙ ስንት እንደገባ በደብተር ጻፍኩ። የተቀባውን ብረት የማስተያየውም ጠዋት ደጅ ወጥቼ፣ በጥላ ነው፤ የመብራት ብርሃን ይዋሻል። አራት ጊዜ ቀምሜ ደፋሁ፣ አምስተኛው ገጠመ። ከእኔ ጀምረን አሥራ አንዱንም በእሱ ቀባን። ሲልቨር ስፕሪንግ ካርዳችንን የምታትመው ሴትዮ ዘንድም ክዳኑን ይዤ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ሲወጣ ቡናማ ሆነ፤ መለስኩት። እንደገና አተመች፣ አሁንም መለስኩት። በሦስተኛው ክዳኑን ከእጄ ነጥቃ ራሷ አስተያየችውና እስኪገጥም አልለቀቀችኝም።

በወሩ መጨረሻ አሥራ አንዳችንም መኖሪያው ደጅ ተሰለፍን። ሥራ አስኪያጇ ብልህ ናት፤ የራሷን ቀይ መኪና አምጥታ ከሰልፉ ጫፍ አቆመቻት። ከዚያ እኚያን አሮጊት ይዛቸው መጣች። መደገፊያቸውን እየገፉ፣ በየመኪናው ፊት ካርዱን ከፍ እያደረጉ ተራመዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ። አሥራ አንዱንም አልፈው አሥራ ሁለተኛዋ ጋ ቆሙ።

«ይቺን ከእነሱ ጋር ማን አቆማት?» አሉ።

ሥራ አስኪያጇ እየሳቀች የእኔ ናት አለቻቸው። ቀጥላ የእኔን መኪና አየችና ጎኗ ላይ ያለው ቀዳዳ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ክዳኑን ከኮት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጀርባውን በየበሩ ላይ እየለጠፈች እስከ መጨረሻው ሄደች። ስትመለስ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ኮንትራቱን በዚያው ሳምንት አደሰችልን።

አሁን መንዳት ትቻለሁ። ክዳኑ ብርሃን እንዳያገኘው በካልሲ ተጠቅልሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ውስጥ አለ። መኪናው የተጫረበት ሁሉ፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ የተቀባ ቁራጭ ብረት ይዞ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ይመጣል፤ በረንዳዬ ላይ አስተያይቼ አሳልፋለሁ ወይም እመልሳለሁ። በመኪናዬ ላይ ያለው ክዳን ከአሮጌ መኪና ተፈትቶ የመጣ ነው፤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን ጀርባቸውን ገልብጣችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የትኛው የቱ እንደሆነ እኔ ራሴ አልለይም።