ከጠመኔው መስመር ያለፈው መሮ

አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴና እኔ አሮጌዋን ቮልሳችንን ከጎባ ይዘን ሮቤ ገባን። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በዚያው ሳምንት ከሰሜን በፈቃድ የመጣ ወታደር፣ ወንድሜ እግሩን ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል መተኛቱን ነግሮናል። አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ ሐሳቡ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጁን አውቶቡስ ሳያንገላታው፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ወደ ቤቱ ማምጣት። የይለፍ ወረቀት አወጣ፤ ቤንዚን ለምኖ አጠራቀመ። ለቆሰለው እግር ማሳረፊያ ትራስ ሳይቀር አዘጋጀ። የቀረው የመኪናዋ ወለል ነበር። ዝገት በልቶት ከሹፌሩ እግር ሥር መንገዱ ይታያል።

መኪናዋን የወሰድንለት ባትላሜራ የአባቴ የቀድሞ ተማሪ ነው።

«አካም ቡልታን፣ መምህር!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለውና ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አየ። «ይቺን በጎማ ነው የሚያስኬዷት ወይስ በእግርዎ?»

«ጭቃው ካልሲዬ ውስጥ ሲገባ ዲንሾ መድረሴን አውቅበታለሁ» አለ አባቴ። የወንድሜን መቁሰል ከሰማን በኋላ ሲቀልድ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ባትላሜራው ወለሉን በመዶሻ እያንኳኳ አዳመጠ። ደህናው ላሜራ ይጮኻል፤ የዛገው ድምፁ የታፈነ ነው። የበሰበሰውን በጠመኔ ከበበው። ያን ጊዜ አዲስ ላሜራ ስለማይገኝ፣ የዘይት በርሜል ቀዶና አቃንቶ ነበር የሚሠራው።

«ይህችን ቆርጬ አወጣና ከበርሜሉ እራፊ እበይድላታለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ይረከቡኛል፤ ነገ በጠዋት ይነሳሉ።»

አባቴ ስንቅ ሊገዛ ገበያ ሄደ። እኔ ትራሱን እንዳይቆሽሽ አቅፌ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ብመለስም ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ይከብደኝ ነበርና ዓይኔን ከጠመኔው መስመር አላነሳሁም።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ዳኛና አንድ ጎረቤታችን ከጎባ መጡ። እኔን ሲያዩ ደንገጥ አሉ። «ደህና ነሽ፣ ልጄ?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ባትላሜራውን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱት። በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚያወሩ አልሰማኋቸውም። እሱ ግን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ሲጭን አየሁ።

ሲሄዱ ተመልሶ መጣ። መሮውን ጠመኔው ላይ አሳረፈና ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከመስመሩ አሳልፎ መታው። ደህናው ላሜራ ጮኸ። ደግሞ መታ። እንዲህ እያለ ወለሉን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ቆርጦ አወጣው።

«እሱ እኮ ደህና ነበር» አልኩ፣ ለራሴም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ሄዷል፣ እህቴ» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

አባቴ በሶውን በፌስታል ይዞ ተመለሰና ወለል አልባዋን መኪና አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? ቀዳዳ ድፈንልኝ እንጂ እረድልኝ አልኩህ?»

«ዛሬ አትደርስም፣ መምህር።»

«ልጄ እኮ ነው የሚጠብቀኝ! ነግሬሃለሁ!»

«ነግረውኛል። ከፈለጉ ይምቱኝ። ዛሬ አትደርስም።»

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛው ርቆ እንዳይሄድ፣ የሰማ ሁሉ ሰበብ ይፈጥራል። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችንን ከገበያ መንገድ ለማስቀረት ሌላዋ አህያዋን ስትዋሳት አይቻለሁ። አሁን ሰበቡ የእኛ ቮልስ ነበረች። እኔም ለወንድሜ ሐዘንተኛ ነበርኩና መርዶው በወጉ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ግን ከማንም ሰው አፍ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ከዚያ ደህና ላሜራ ጩኸት ነው።

በአውቶቡስ ወደ ጎባ ስንመለስ አባቴ ተማሪውን ሲራገም ነበር። «እንዲህ ነው ያስተማርኩት?» ይለኛል። ትራሱን ጭምቅ አድርጌ በመስኮት አየሁ። ካለቀስኩ ያውቅብኛል። ድሮም ዝምተኛ በመሆኔ ግን ምንም አልጠረጠረም። ቤት ገብተን ራት አቀረብኩለት። ልጄ በሕይወት አለ ብሎ የሚበላው የመጨረሻው ራት መሆኑን እያወቅሁ፣ «ትንሽ ጨምሪልኝ» ሲል ወጥ ጨመርኩለት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በአጥራችን ዙሪያ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። አባቴም ነቅቶ ኖሯል።

«ማነው?» አለኝ፣ ጫማውን በእግሩ እየፈለገ። «ባትላሜራው ነው? መኪናዋን አመጣት?»

«አይደለም፣ አባዬ።»

ትራሱን ከአጠገቡ አስቀመጥኩለት። ደጃፉ ጋ ስደርስ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና፣ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው።