ጳጉሜን የማያውቅ ሠንጠረዥ

1999 ዓ.ም. መስከረም ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ የላስታ ጭቃ ግን ገና ያልደረቀበት ጊዜ። ረስቼው ኖሬ፣ ባለፈው ሰሞን ልጄ ማርታ ከደሴ ደውላ አስታወሰችኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ድምፅ የለውም፤ ስልኩ ሲጮህ ደነገጥሁ።

«እማዬ፣ የቤት ሥራዬ አልሄድ አለኝ። ፒቮት ቴብሉን፣ ያን ራሱ የሚደምረውን ሠንጠረዥ፣ ቀኖቹን በወር መድብልኝ ስለው እንቢ ይላል።»

«ቀኑን የጻፍሽው በኛ አቆጣጠር ነው?»

«አዎ፤ የሙጃ ገበያ የእህል ዋጋ ነው።»

«እስቲ ዓምዱን እስከ ታች ተመልከቺው። ወደ ግራ የተጠጋ ቀን አለ?»

ቁልፉን ስትነካካ ሰማሁ። «አለ። አንቺ ደግሞ ይህን ከማን ተማርሽ?»

ነገርኋት።

ያኔ ኩልመስክ በምትባል የላስታ ከተማ የአንድ እርዳታ ፕሮጀክት መረጃ መዝጋቢ ነበርሁ። ላሊበላ ተወልጄ፣ እስከዚያ ከእናቴ ቤት ሌላ ቤት አድሬ የማላውቅ ልጅ። ሥራዬ በየቀበሌው የተመዘኑ ሕፃናትን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነበር። ሠንጠረዡ የከሱትን በየወሩና በየቀበሌው ይደምራል፤ አልሚ ዱቄት የሚጫነውም በዚያ ድምር ነው። ድምሩ ውስጥ የሌለ ሕፃን ዱቄት የለውም።

የመስቀል ዋዜማ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔን ያቆየኝ ያ ሠንጠረዥ ነው። ከሰዓት በኋላ የፕሮጀክቱ መኪና ወደ ላሊበላ ስለሚያልፍ፣ አትሜ ለኃላፊያችን ይዤው በዚያው ልሄድ ነበር። ቢሮው እርጥብ ባሕር ዛፍና የጄኔሬተር ናፍጣ ይሸታል። የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ቀኖቹን በወር መድብ አልሁት። መመደብ አይቻልም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ባዶ ረድፍ ፈለግሁ፤ የለም። ሠንጠረዡን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፤ ያው።

በመጨረሻ መነካካቱን ትቼ ዝም ብዬ አየሁት። ሌሎቹ ቀኖች በቀኝ በኩል ተሰልፈዋል። ጥቂቶች ግን ለብቻቸው በግራ ቆመዋል፣ ቅዳሴ ከተገባ በኋላ እንደ ደረሰ ሰው። ሁሉም የጳጉሜ ነበሩ።

ላሊበላ ላሉት ኃላፊያችን፣ ለጋሽ ካሣ፣ በቢሮው ስልክ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ የከለከለን ጳጉሜ ነው።»

«ምን አደረገች ጳጉሜ?»

«ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። የጳጉሜን ቀን ስጽፍለት ቀን መሆኑን አያምንም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። አንዱ እንኳ ካለ ሌሎቹንም አልመድብም ይላል።»

ሳቁ። «ለዚች ጭራሮ ለምታህል ወር! አውጫትና ነይ፤ እናትሽ በግ አስራ ትጠብቅሻለች።»

«ጋሼ፣ በጳጉሜ የተመዘኑት የወንዝ ማዶዎቹ ናቸው። ወንዙ የጎደለላቸው ያኔ ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። «እንግዲያ አታውጪያቸው። መኪናው ግን አይጠብቅሽም፣ ልጄ።»

ወደ ነሐሴ ላስጠጋቸው አሰብሁ። እነዚያ እናቶች ልጅ አዝለው የመጡበትን ቀን አልመጣችሁበትም ማለት ሆነብኝና ተውሁት። ከቀኑ አጠገብ ሌላ ዓምድ ከፍቼ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ጀመርሁ፤ ሠንጠረዡ ከቀኑ ሳይሆን ከስሙ እንዲደምር። ቀመር አላውቅም ነበርና በእጄ ረድፍ በረድፍ ወረድሁ።

መሐል ላይ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ኩልመስክ ዳሩሽ?»

«አልጨረስሁም፣ ጋሼ።»

«እናትሽን ምን ልበልልሽ?»

«ደህና ናት በሉልኝ።»

ድምፁ ከዳገቱ ማዶ እስኪጠፋ ሰማሁት። ከዚያ ረድፉን ወረድሁ፣ ወረድሁ። ስጨርስ አዲስ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ ከነሕፃናታቸው ቁጥር ወጡ። አትሜ ጄኔሬተሩን አጠፋሁት። ያን ጊዜ ነው ብቻዬን መሆኔ የተሰማኝ። ከመንደሩ የችቦ ጭስ ይመጣል፤ ነይ ግቢ የሚለኝ ቤት ግን አላውቅም። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ልጄን ሸኝቻለሁ፤ ጸጥታን ለምጃለሁ። በጳጉሜ ዝናብ ለበረከት ግንባሬን ሳስነካ ግን እነዚያ በግራ የቆሙ ቀኖች ትዝ ይሉኛል፤ የሚቆጥራቸው ያጡ እንጂ ያልነበሩ አይደሉም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጥቅምት ዱቄቱ ወንዙን ተሻገረ።

ማርታ ዓምዷን ጨምራ ሠንጠረዧ ተስተካከለላት። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«እማዬ፣ መኪናው ከሄደ ወረቀቱን እንዴት አደረስሽው?»

በዋዜማው ማግሥት፣ በመስቀል ጧት፣ ደመራው ሲለኮስ ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁ። ከአመዱ ግንባሬን ተቀባሁ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ያዝሁና የላሊበላው መንገድ ዳር ቆምሁ። በበዓል ቀን መኪና እንደማይገኝ አውቅ ነበር። ጥቂት ጠበቅሁና ጫማዬን አውልቄ በጭቃው በእግሬ ጀመርሁት።