የሳፋው ዝቃጭ

እህቴ ግትር ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ የድንጋይ ካባው ምግብ ቤት ውስጥ እሷ ስታበስል እኔ ሳህን አጥባለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃታል?

ከምግብ ቤቱ ጓሮ የኖራ አለት አለ። ዝናብ ሲያባራ ከስንጥቁ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ ትወጣለች። እህቴ ድስቷን ጥዳ እሷን ልታይ ትሄዳለች። «ይቺ እንኳ የራሷ ቤት አላት፣ ተከራይ እኛው!» ትለኛለች።

ዘንድሮ አለቱ በድማሚት ሊፈርስ ሆነ። ቀንድ አውጣዋ ከዚህ በቀር የትም ስለማትገኝ አንድ ባለሙያ ተላከ። በሕይወት ያለች አንዲት ከተገኘች አለቱ አይነካም፤ ካልተገኘች ሐሙስ ይፈነዳል። የመጣው ደግሞ በደረቅ በጋ ነው፣ ቀንድ አውጣዎቹ አፈር ውስጥ ተሸሽገው።

ከስንጥቁ አፈርና የረገፈ ቅጠል ጠርጎ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ጨመረ። የተንሳፈፈውን ለቅሞ በማጉያ መነጽር አየ። ሁሉም ባዶ ቅርፊት። አልቀዋል ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈና ዝቃጩን ሊደፋ ሲያዘነብል እህቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ሳፋውን ያዘች። አለቃችን በር ላይ ቆሞ ያያል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

«ልጄ፣ ምስር አጥበህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«የሚንሳፈፈው ነቀዝ የበላው ነው። ደህናው ይዘቅጣል። አንተ የለቀምከው ባዶውን ነው።»

ባለሙያው አፈረ መሰለኝ፣ ሳፋውን ለቀቀላት። አለቃው ወደ ድስትሽ ግቢ አላት። አልገባችም። ዝቃጩን አጥልላ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘረጋችና ጥላ ውስጥ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሠላሳ ድንጋይ ፈላጭ ተሰልፎ ሳህኑን ያንኳኳል። አለቃው ምሳው ካልወጣ ነገ እንዳትመጪ አላት።

«እሺ፣ አልመጣም» አለች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል።

በገንሁ። በዚህ ዕድሜያችን ሥራ ከየት ልናመጣ ነው? ልጎትታት ጎንበስ ስል አንዷ ፍሬ ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ ቀንዷን አወጣች። ቀጥሎ ሌላ። ባለሙያው በጉልበቱ ተንበርክኮ ቆጠረ፤ ሰባት ነበሩ። የጻፈውን ወረቀት ቀደደና አዲስ አወጣ።

እህቴ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ምሳው አንድ ሰዓት አርፍዶ ወጣ፣ አለቃውም ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ።

ሐሙስ አለቱ ባለበት ቆሟል። እህቴ ከሥሩ ተቀምጣ ምስር ታጥባለች።