የተቃጠለው ሸሚዝና የእኔ እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ የማወራው ከሬዲዮ ጋር ብቻ ነበር። ናዝሬት፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን መምህራችን ከዳይሬክተሩ ቢሮ ያንን ትልቅ ሬዲዮ እንደ ሕፃን ልጅ አቅፈው ያመጡና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ሰውዬ በወፍራም ድምፅ «ሊስን ኤንድ ሪፒት» ይለናል፤ አንድ ነገር ይናገርና ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ በአንድ ዴስክ አራት ሆነን የተጣበብን ልጆች፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ እንደግምለታለን። ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ብንሳሳትም «ቬሪ ጉድ»፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ገብቶ ሁላችንም ስናስል እንኳ «ቬሪ ጉድ»። ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። መምህሩ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ እጄን ያልበኛል። ሬዲዮው አይሰማኝማ፤ እሳቸው ይሰሙኛል።

እማዬ ይህን ሁለተኛውን አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው ቤት መጥቼ እንደ ሬዲዮው ሰውዬ ስለፈልፍ ነው። በአንድ ሆቴል ልብስ እያጠበች ትተኩሳለች፤ መሠረተ ትምህርት ገብታ ስሟን መጻፍ የተማረችውም በቅርቡ ነው። ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ባገኘችኝ ቁጥር «ይቺ ልጅ ፈረንጅ ልትሆን ነው» ትላለች፤ እኔም አላስተባብልም። ጉራ እወድ ነበር፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማዬ እያለከለከች መጣች። ከከሰል ካውያው ላይ ፍንጣሪ ወድቆ የአንድ ፈረንጅ ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተቃጥሏል። ፈረንጁ ሆቴሉ እያደረ ወደ ቆቃ እየተመላለሰ የሚሠራ እንግዳ ነው። ከወር በፊት የአንድ ትልቅ ጓድ ሱሪ አበላሽታ ሥራ አስኪያጁ «ሁለተኛ ከደገምሽ በሩ ያውልሽ» ብሏታል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

«ነይ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ሳልደብቅ ራሴ መጣሁ፣ አሳምሬ እሰፋለታለሁ፤ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ እንዳይነግርብኝ። ይኸው ነው የኔ ልጅ።»

በጋሪ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የፈረሱን ቃጭል እየሰማሁ ቃላት ፈለግሁ። «ሸርት» አውቃለሁ። «ማዘር» አውቃለሁ። «ሶሪ» አውቃለሁ። የጽሑፍ ፈተና ቢሆን ኖሮ ደፍኜ እወጣ ነበር።

ፈረንጁ በሩን ከፈተ። ረጅም ነው፤ ፊቱ በቆቃ ፀሐይ ቲማቲም መስሏል። እማዬ ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ «ዋት ኢዝ ዘ ማተር?» አለና ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ያችን ዝምታ አውቃታለሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው፣ በሙሉ ድምፄ «ዋት ኢዝ ዘ ማተር!» አልኩ። ግራ ተጋብቶ «ሁ አር ዩ?» አለ። «ሁ አር ዩ!» አልኩት። የማሾፍበት መሰለው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። ማቆም አቃተኝ። እንባዬ እየመጣ እንኳ ያለኝን ሁሉ ደገምኩለት።

ያኔ እማዬ ሸሚዙን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ዘረጋችለት። ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ አሳየችው፤ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበረች። ከመቀነቷ መርፌና ክር ፈታች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አመለከተችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰውየው ትንሽ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ ሸሚዙን እንድትሰፋው ይሁን እንድትወስደው አላወቅሁም፣ ብቻ መልሶ አስያዛት፣ በእጁም ምንም አይደለም አላት።

ከሆቴሉ እንደወጣን እማዬ እየደጋገመች ጉንጬን ሳመችኝ። «አቤት አንደበት! እሱ ሲናገር እሷ ስትመልስ!» የነገርኩላት መስሏታል። እንዴት አይመስላት? ልጇ ከፈረንጁ እኩል ስትጮህ ሰማች፣ ሰውየው ሳቀ፣ ሥራዋ ተረፈ። ግቢ ስንደርስ አደ ጫልቱ «ጀባዱ፣ በርቺ የኔ አንበሳ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እማዬ ለፋሲካ ለራሷ ባስቀመጠችው አበባማ ጨርቅ ቀሚስ አሰፋችልኝ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ ግን ለበስኩት። ያጠረኝ ዕለት ደስ አለኝ።

ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ እናገራለሁ፣ ፍርሃቱም ከጊዜ ጋር ለቀቀኝ። ልጄ ደግሞ ከስልኳ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወራ ትውላለች፤ የእሷ ስልክ እንደኔ ሬዲዮ አይደለም፣ ይሰማታል። እማዬ «በእናቷ ነው የወጣችው» ትልና የሸሚዙን ታሪክ ትጀምራለች። በታሪኳ ውስጥ እሷ በር ላይ ቆማ የምትንቀጠቀጥ ሴት ብቻ ናት። ያን የእጇን ምልክት እንደ ነገር አትቆጥረውም። ያንን ረጅም ሰው ያለ አንዲት ቃል ያስረዳችው፣ ሥራዋን ያተረፈችው ራሷ መሆኗን እስከዛሬ አታውቅም። የወሰድኩባት ጨርቁን ብቻ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ታሪኩን ስትጨርስ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ» አልኳት። ዞር አለችና ዝም ብላ ጠበቀችኝ። አፌን የፈታሁበት አማርኛ ነው፤ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እጄን አላበኝ።

«ምነው ልጄ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት፤ ነጠላዋን አስተካከልኩላት።