የአንቲዮካ አንዲት «ሲ»

በደቡብ ሰርዲኒያ፣ የእርሳስ ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ወሬ እንጂ ሥራ በሌለበት መንደራችን፣ ስልክ ላይ «ሲ» የሚል ሰው ጅል ነው። «ሲ» የጣሊያንኛው «አዎ» ናት። የጋዝ ቧንቧ በመንገዳችን ከተቀበረ ጀምሮ ሻጮቹ በስልክ ወረሩን። አንዲት «ሲ» ካስወጡህ ድምፅህን ቀድተው፣ ቆርጠውና ቀጥለው ውል ያደርጉታል፤ ደንበኛቸው ሆንክ፣ በቃ። ስለዚህ መንደርተኛው ሁሉ ስልክ ሲያነሳ በሰርዲኒያኛው «አዎ»፣ በ«ኤያ»፣ መመለስ ያዘ። በ«ኤያ» የተያዘ ሰው እስካሁን የለም።

ለአንቲዮካ ይህን የሚያስተምራት አላስፈለገም። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትሠራ፣ ከዋናው ጣሊያን ባሕር ተሻግረው የመጡ ስንትና ስንት ዳይሬክተሮች «በጣሊያንኛ መልሺ» ቢሏትም «ኤያ» እንዳለች ጡረታ ወጣች። ግትርነቷ ያናድዳል፤ ግን እሷን የማይወድ ሰው እኔ አላውቅም።

በዚያ የካቲት ባሏ ፕሪያሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲምገው የኖረው አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል። ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም፦ «ማገዶ የሚነድበት ቤት አይመለስም። ቅዳሜ ይወጣል። እስከዚያ ጋዝ ካልገባላችሁ ወደ አረጋውያን ማቆያ እልከዋለሁ።» ፕሪያሞ የሚስቱን እጅ ይዞ፣ «እዚያ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም» አላት።

ማሞቂያው ተገጥሟል፤ ቆጣሪውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የቀረው ጋዙን የሚያቀርብላቸውን ድርጅት መምረጥ ነው፤ ቆጣሪው የሚከፈተው ድርጅቱ ሲጠይቅ ነውና። አንቲዮካ መርጣ ጨርሳለች፦ ከተማው ውስጥ ቢሮ ያለውን፣ የመንደራችን ልጅ ሚሬላ የምትሠራበትን። «ፊቱን ከማላየው ሰው እሳት አልገዛም» ትላለች።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቿን ይዛ ሄደች። ሚሬላ የቆጣሪውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታች፣ ደገመች፣ ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«አክስቴ አንቲዮካ፣ ሌላ ድርጅት ቀድሞናል። ከስልክ ሻጮቹ ጋር ውል አለዎት ይላል።»

«እኔ? በየትኛው አፌ?»

ተራ ይዞ ከኋላዋ የቆመው ጎረቤቷ ኤፊዚዮ ሳቀ። «ይቺ? ይቺ እኮ ቄሱ ፊትም ‹ኤያ› ብላ ነው ያገባችው!»

ሚሬላ ለስልክ ሻጮቹ ድርጅት ደውላ የተቀዳውን ድምፅ አስከፈተች፣ ሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። «አንቲዮካ ነዎት?» «ኤያ።» «ቆጣሪው የተገጠመው በእርስዎ ቤት ነው?» «ኤያ።» ኤፊዚዮ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። «ውላችንን ይቀበላሉ?»

«ሲ።»

አንቲዮካ ጠረጴዛውን ያዘች። ድምፁ የራሷ ነው፤ ለዚያውም ከልቧ ያለችው።

«ድምፁ የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጥያቄው ግን ይሄ አልነበረም። የደወለችልኝ ልጅ አንደበቷ ማር ነው። ባለቤትዎ እንዴት ናቸው አለችኝ። ሆስፒታል ነው አልኳት። ወደ ሞቀ ቤት እንዲመለሱ ይፈልጋሉ ወይ ብትለኝ… አመለጠኝ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንከሳቸዋለን» አለች ሚሬላ፣ ፊቷ ቀልቶ። «እናሸንፋለንም። ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ቆጣሪው አይከፈትም። ሃያ ቀን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«እነሱ ቢሆኑስ?»

ሚሬላ ኮምፒውተሩን ዳግመኛ አየች። «አሁን ካጸኑላቸው ሐሙስ ይከፍታሉ።»

«እንዳታደርጊው!» አለ ኤፊዚዮ። «ለሌባ ልትንበረከኪ? ነገ ሁላችንንም አንድ በአንድ ይለቅሙናል። ስንት ዓመት የኮራንብሽ ሴት!»

«ኤፊዚዮ፣ አፍህን ዝጋ። ሳንባው ያንተ አይደለም» አለችው አንቲዮካ።

ከሚሬላ እጅ ስልኩን ተቀበለች። ያቺው ማር አንደበት ነበረች። «ውሉን ያጸናሉ? ‹ሲ› ወይም ‹አይ› ብለው ይመልሱ።»

«ኤያ።»

«ይቅርታ፣ በዚያ መልስ አልመዘግብም። ‹ሲ› ወይም ‹አይ›።»

አንቲዮካ ዓይኗን ጨፈነች። ማቆያውን ታውቀዋለች፤ እህቷን የሸኘችው ከዚያ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ሚሬላ አቀርቅራለች።

«ሲ» አለች፣ መቁረጥ መቀጠል እንዳያስፈልጋቸው አጥርታ።

ሐሙስ ሠራተኛው መጥቶ ቆጣሪውን ከፈተ። ቅዳሜ ፕሪያሞ በክንዷ ተደግፎ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ፣ የጭስ ሽታ እንደሚፈልግ ሰው አየሩን አሸተተ። ከዚያ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ የካፖርቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታ፤ ካፖርቱንም አወለቀ። እዚያ ቤት ውስጥ በየካቲት ካፖርት አውልቆ አያውቅም።

«ጋዙን ከማን ወሰድሽ?» አላት።

«ከሌቦች።»

ፕሪያሞ ከት ብሎ ሳቀ። አንቲዮካ ሁልጊዜ ሳቁን ተከትሎ የሚመጣውን ሳል፣ ትከሻውን ለመያዝ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ሳሉ አልመጣም።