የቤንዚን ጋን የደፈንኩበት ክረምት

በዚህ አገር የመኪና ቤንዚን ጋን ሽታ እንዳያወጣ አድርጎ በመድፈን የሚቀድመኝ የለም። የውጭ አገር መሐንዲሶች ነጭ ካፖርት ለብሰው ስንት ዓመት ተሰብስበው ያልጨረሱትን ነገር፣ እኔ ሾላ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢያችን፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ ካቻቢቴ፣ በአንድ የጠርሙስ ቡሽና ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ቁራጭ ፈጽሜዋለሁ። ሥራዬ እንከን አልነበረውም። ከዚያን ቀን በኋላ ጋኑ ቅንጣት ሽታ አላወጣም። መኪናዋ መሄድ እምቢ ባትል ኖሮ ዛሬ ሐውልቴ መገናኛ ላይ ቆሞ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ ይደገፈው ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤንዚን የሚገኘው በኩፖን ነው፤ ኩፖን ይዘህም ቢሆን ማደያው በር ላይ ተሰልፈህ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጤንነት ጠይቀህ ትጨርሳለህ። ስለዚህ ባለ መኪና ሁሉ ቤንዚኑን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚጠብቀው። የሚፈራው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ተንኖ እንዳያልቅበትም ይሰጋል። የጋኑን ክዳን በላስቲክ የሚጠቀልል ነበር፣ ዙሪያውን ጨርቅ የሚጎሰጉስ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ፀሐይ በወጣች ቁጥር መኪናው ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል ያደርግና «ቤንዚን ጥላ ይወዳል» ይለን ነበር። ደፋኙ እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለቴ ነው። እስከ መጨረሻው የሄድኩበት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

መኪናዋን የወረስኳት ከአጎቴ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ጋኗ ከፊት፣ ጀርባዋ የኤሊ ነው ካልኩ ያላወቃት ሰው አዲስ አበባ አልኖረም። ጋኑ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ስለተቀመጠ ሽታው ውስጥ ይገባል። ይገባል ስል እንዲያው ሽው የሚል እንዳይመስላችሁ። በአጠገባችን ሲጋራ እያጨሰ የሚያልፍ ሰው ሲጋራውን ጥሎ በሩጫ ቀበናን ይሻገር ነበር።

እኔ ለምጄው ነበር። ባለቤቴ ግን የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና፣ ገና የመኪናዋን በር ስከፍት ቤት ውስጥ ሆና ያቅለሸልሻታል። አስተማሪ ናት። ሰባ ልጅ የታጨቀበትን ክፍል ድምፅዋን ሳታሰማ፣ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። ስትፈራ ያየኋት በዚያ ክረምት ብቻ ነው። መውለዷ ሲቃረብ ደጋግማ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር።

«እናቴ እጅ ላይ አድርሰኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። የእሷ እናት ደግሞ ዝም ብለው እናት አይደሉም፤ አዋላጅ ናቸው። ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው፤ የዚያን ሰፈር ሰው እኩሌታውን ወደዚህ ዓለም ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ነሐሴ ሲጋመስ «መኪናው ካልተስማማት በቅሎ ልላክላት ወይ?» ብለው ላኩብኝ።

በቅሎ! መኪና ላለው ሰው! ያን ቀን ራት አልበላሁም። (በማግስቱ ግን የሁለት ቀን በልቻለሁ።)

እንግዲህ ያን ቅዳሜ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የፊቱን ኮፈን ከፍቼ የጋኑን ክዳን ውስጡን በከመነዳሪው ለበጥኩና አጥብቄ ገጠምኩት፤ አሁን በእጅ አይከፈትም፣ በፒንሳ ነው። ከጋኑ አፍ ሥር አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥታ ወደ ውጭ ትወርዳለች። ጫፏን አሸተትኩ፤ ቤንዚን! ሌባዋን ያዝኳት አልኩና ቡሹን ወተፍኩባት። አጎቴ ያን ሁሉ ዓመት ይህችን ሳያይ መሞቱ አሳዘነኝ።

በዚያው ሞቅ ብሎኝ ወደ ብርዱ ተሻገርኩ። ነሐሴ ላይ የእንጦጦ ብርድ ቀልድ አያውቅም። መኪናዋ የሞተሩን ሙቀት ከወለሉ በኩል ወደ ውስጥ የምታስገባበት መንገድ ነበራት፤ መክፈቻው ግን ዝጎ ከተዘጋ ቆይቷል። ከሥር ተንፏቅቄ ገባሁና በሽቦ ጎትቼ፣ ክፍት እንደሆነ እንዲቀር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ሞተሩን አስነሣሁ፣ አጠፋሁ። ሙከራው ይኸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ተነሣን። እሷ ትንሿን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄድን ቀስ ብላ አወረደችው።

«አይሸትም» አለች ተገርማ።

«የማን ባል ነኝ?»

«ቆይ፣ ገና ከሰፈር አልወጣንም።»

ያቺን ፈገግታ ግን አየኋት። እውነት ለመናገር ለዚያች ፈገግታ የራሴንም አፍንጫ ብደፍን አይቆጨኝም ነበር።

ፈረንሳይ ስንደርስ ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። ቀጥሎ እግሯን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ማድረግ ጀመረች።

«ቀንሰው እስቲ።»

«አይቀነስም።»

«እንግዲያው ዝጋው።»

«አይዘጋም።»

«እንዴት አይዘጋም? ማን ነው እንዲህ የሠራው?»

መንገዱን በጣም በጥንቃቄ ማየት ጀመርኩ። እሷም መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ዝናቡ ትከሻዋ ላይ መጣ። «ግሩም ነው» አለች፤ «ከወገቤ በታች አፋር ነኝ፣ ከወገቤ በላይ እንጦጦ።»

ሽቅቡን ስንጀምር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አነጠሰና ጸጥ አለ። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፍኩ፣ ጥቂት ቆይቼ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ተነሣች። መቶ እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። ድንጋይ፣ ጥበቃ፣ ቁልፍ። አሁን የሄደችው ሃምሳ እርምጃ ነው። በሦስተኛው ላይ ጭራሹን እምቢ አለች። ከዚያ መንገድ ላይ ያላነሣሁት ድንጋይ የለም፤ ዛሬም ድረስ መልካቸውን ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

«ቤንዚኑ ቆሻሻ ነበረው» አልኳት በዕውቀት ድምፅ። «ቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ተሰንቅሯል። መጥጬ አወጣዋለሁ።»

ዞር ብዬ ሳያት አንድ እጇ ከፊቷ ያለውን እጀታ ጨምድዶ ይዟል፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምነው?»

«ምንም አይደል። ወገቤን ነው።» ትንፋሿን ሰብስባ ቆየችና ዓይኗን ገለጠች። «እባክህ ቶሎ በል። እዚህ መንገድ ላይ እንዳልቀር።»

ይህን ያለችው በቀልድ ድምፅ አልነበረም። ወደ ኋላ ሮጥኩ፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ቤንዚን የሚያመጣውን ቱቦ ነቀልኩና ጫፉን አፌ ውስጥ ከትቼ መጠጥኩ። ምንም የለም። ደግሜ በኃይል መጠጥኩ። ጉንጬ ከጥርሴ ጋር ተጣበቀ፤ ዓይኔ ሊወጣ ደረሰ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ከላይ የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ የጭነት መኪና እየወረደ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። መንገዱን ዘግቻለሁ። ሹፌሩ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። ወርደው መጀመሪያ ወደ እሷ መስኮት ሄዱ።

«ልጄ፣ ደርሷል እንዴ?»

«እናቴ ዘንድ ብደርስ ነው አባቴ። ከላይ ናቸው፣ አዋላጇ።»

«የአዋላጇ ልጅ ነሽ? የኔንም ሁለቱን ያዋለዱ እሳቸው ናቸው!» ከዚያ ወደ እኔ ጮኹ። «ምን ሆነች መኪናዋ?»

«ቤንዚን አልወርድ ብሏት ነው ጋሼ! ቱቦው ተደፍኖ!»

«መካኒክ ነህ?»

«የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ!»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉና የፊቱን ኮፈን ሲከፍቱ ሰማሁ። እኔ አሁንም አልተሸነፍኩም፤ ቱቦውን አፌ ውስጥ መልሼ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን አየር ሁሉ የሚስብ አሳሳብ ሳብኩ። ልክ ያኔ ሽማግሌው በፒንሳቸው ክዳኑን ፈቱት። ከፊት ፉሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ትልቅ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈሰ ይመስል ነበር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አቅንታ ስለቆመች ጋኑ ከላይ ነው፣ እኔ ከታች ነኝ። ቤንዚኑ ወረደ፤ በቀጥታ ጉሮሮዬ ውስጥ።

የጠጣሁት በርሜል ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አውርቻለሁ። ሁለት ጉንጭ ነው።

ቱቦውን መልሼ ሰክቼ፣ እያሳለኩ፣ እንባዬ እየወረደ ወደ ፊት ስመጣ ሽማግሌው ቡሼን በሁለት ጣታቸው ይዘው ያዩታል።

«ይህን እዚህ ማን አስገባው?»

ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል፣ በቅንድቧ ብቻ ጠቆመችኝ።

«የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ቀዳዳ ትቀዳለህ?» አሉኝ። «ሁለት አይደል የምትበሳው? አንዱ ዘይቱ ይወጣበታል፣ አንዱ አየሩ ይገባበታል። ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር የወጣውን ያህል አየር ካልገባ ጋኑ መልሶ ይስበዋል። ቤንዚን ሞልቶላት በጥም የሞተች መኪና ዛሬ ገና አየሁ።»

ክዳኑ ላይ ያስቀመጥኩትን ከመነዳሪ ገፈፉና ያቺን ቀጭን ቱቦ በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ላይ ተከተሏት። መሐሏ ላይ፣ እኔ ካላየሁበት ቦታ፣ ተሰንጥቃለች። ትነቱን ወደ ውጭ አውጥታ መጣል ሲገባት መንገድ ላይ ለእኛ ታካፍለን ኖሯል። ያንኑ ከመነዳሪዬን በቁመቱ ቀደዱት፣ ስንጥቁን ጠቀለሉበት፣ በሲባጎ አሰሩት። ይኸው ነው። ጋኑ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ ውጭ ይወጣል። የእኔን ቅዳሜ ከሰዓት የበላው ሥራ እሳቸው ላይ የፈጀው አንድ ሲጋራ የማጨሻ ጊዜ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አያጨሱም።

«ሌላስ ምን አበላሽተሃል?»

«ሙቀቱን» አለች ባለቤቴ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ከሥር ጎንበስ ብለው ሽቦዬን ፈቱት፤ ጫፉን በወለሉ ቀዳዳ አሳልፈው ቀለበት ሠሩለትና በእጇ አስያዟት። ስትስበው ይከፈታል፣ ስትለቀው ይዘጋል።

«አንተ መሪህን ያዝ» አሉኝ። «ሙቀቱን እሷ ትያዝ። ሂዱ በሉ፣ አላህ ያቅላት።» እስክናልፍ ድረስም ያንን አጣና የተሸከመ መኪናቸውን ወደ ኋላ፣ ሽቅብ፣ እስከ መተላለፊያው መለሱልን። ስማቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

መኪናዋ እንደ ፍየል ወጣች። ሽታ የለም፤ ማለቴ፣ የመኪናዋ ሽታ የለም።

«መኪናዋ ዳነች» አለች ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ እየመለሰች። «አሁን የምትሸተው አንተ ነህ።» ይህን እያለች በአንድ እጇ ሽቦውን ትስባለች፣ ትለቃለች። ወገቧን ሲይዛት ሳታውቀው ስለምትጎትተው ሙቀቱ እግሬ ሥር ይመጣል፤ ሲለቃት ይመለሳል። ምጧ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ የቆጠርኩት በዚያ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ሌላኛውን እጇን ማጅራቴ ላይ አሳርፋ አላነሣችውም።

ልጃችን በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ፣ በአያቷ እጅ ተወለደች። ጤነኛ ናት፣ ወፍራም ናት፣ ድምፅዋ ከጭነት መኪናው ጥሩምባ ይበልጥ ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ለሰው ሳወራውም ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ነው።

ግን አማቴ ደጅ ስንደርስ ከመኪናው የወረድኩት በእግሬ አልነበረም፤ በጉልበቴ ነው። የጠጣሁት ቤንዚን ራሴን አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ ላብ በላብ አደረገኝ። አማቴ ሁለታችንንም አይተው «የትኛችሁ ናችሁ የምታምጡት?» አሉ። ከዚያ ለልጃቸው ብለው ካነጠፉት ንጹሕ አልጋ ላይ እኔ ወጥቼ ተኛሁበት፤ ያውም በጫማዬ። ባለቤቴ ከአጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሳፋ ትይዝልኝ ነበር። ምጡ ሲመጣባት ሳፋውን መሬት ታስቀምጣለች፤ ሲያልፍላት መልሳ ታነሣዋለች። አማቴ «ልጄ፣ አልጋው ይፈለጋል» ብለው ሁለት ጊዜ በደግ አፍ ነገሩኝ። የተነሣሁት በሦስተኛው ነው።